ሬጅ ሐምሊን፤ ከእንግዴ ልጅ እስከ መንገድ

ስለ ዶክተር ሐምሊን ልጽፍ ነው ስል የዶርም ልጆች ሁሉ ስለ ካትሪን ሐምሊን መሰላቸው። አይፈረድባቸውም። በ2020 ያረፉትን ዶክተር ካትሪንን በቴሌቪዥን ያላየ፣ ስማቸውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። እኔ ግን የተነሣሁት ስለ ባለቤታቸው ስለ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ልጽፍ ነው። የሚቀርቧቸው ሰዎች ሬጅ ይሏቸው ነበር። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከሚስታቸው ጋር የመሠረቱ፣ ሠላሳ አራት ዓመት እዚህ ኖረው እዚሁ የሞቱ ሰው ናቸው። የእሳቸው ዝና በሚስታቸው ረጅም ዕድሜ ተሸፍኗል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፤ በጽሑፌ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ ብዬ ነው።)

እኚህን ሰው የመረጥኩት በፊስቱላ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከፊስቱላ በፊት ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ሥራ ነበራቸው። እኔም ያገኘኋቸው በዚያ በኩል ነው። እንዴት እንዳገኘኋቸው ለመናገር ግን ከቤቴ መጀመር አለብኝ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ባለቤቷ መርካቶ ይነግዳል። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯ ላይ እግሯ አበጠ፤ ቀጥሎ ፊቷ አበጠ፤ ከዚያ ራስ ምታቱ አላስቀምጥ አላት። ጎረቤት የየራሱን ተናገረ። እንሰት ስትፍቅ ከርማ ደክሟት ነው ያለም ነበር፤ መንታ አርግዛ ነው ያለም ነበር። ክትትል የምታደርግበት ጤና ተቋም (ስሙን አልጠራም) የግፊት መለኪያው ተበላሽቷል ተብሎ ሁለት ጊዜ ሳትለካ ተመለሰች። አንድ ሌሊት ሰውነቷ ተንቀጠቀጠና ራሷን ሳተች። እሷ ተረፈች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የያዛት ነገር ስም እንዳለው ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ኤክላምፕሲያ ይባላል። ስለዚህ በሽታ ታሪክ ሳነብ፣ በ1952 ላንሴት በተባለው ዝነኛ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ኤክላምፕሲያን አስቀድሞ ስለ መከላከል የጻፈ አንድ ሐኪም ስም ገጠመኝ፤ አር ሐምሊን ይላል። ያው የኛው ሐምሊን ናቸው! ፊስቱላ የሚባል በሽታ በዓይናቸው ሳያዩ፣ ኢትዮጵያን ሳይረግጡ በፊት ነው ይሄን የጻፉት።

ሬጂናልድ ሐምሊን በ1908 ኒውዚላንድ ውስጥ ኔፒየር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለዱ። ስለ ልጅነታቸው ብዙ አልዘገይም። ሐኪም ሆኑ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ ከተማ፣ ክራውን ስትሪት የሚባለው ትልቅ የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ካትሪን ኒኮልሰን የምትባል ወጣት ሐኪም እዚያው ልትሠራ መጣች። አለቃና ምንዝር ነበሩ ማለት ነው። በ1950 ተጋቡ። በመካከላቸው የአሥራ ስድስት ዓመት ልዩነት አለ። ሪቻርድ የተባለ አንድ ልጅ ወለዱ።

በክራውን ስትሪት የሬጅ ትልቁ ራስ ምታት ያ የእህቴ በሽታ ነበር። የሚገርመው፣ ሲድኒ ማለት መብራቱም መንገዱም ያለው ከተማ ነው፤ እናቶች ግን እየተንቀጠቀጡ ይመጡና አንዳንዶቹ ይሞቱ ነበር። በጊዜው የነበሩ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚታገሉት እናትየዋ ከተንቀጠቀጠች በኋላ ነው። ሬጅ ወደ ኋላ ሄዱ። ገና ምንም ሳይሰማት፣ በእርግዝናዋ አጋማሽ ላይ ሚዛን ላይ አወጧት። ክብደቷ በድንገት ከጨመረ፣ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ከጠበባት፣ ግፊቷ ትንሽ ከፍ ካለ ዝም ብለው አላለፉም። ምን እንደምትበላ ጠየቁ። ዳቦና ስኳር ቀንሳ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንድታበዛ መከሩ፤ በቀጠሮዋ ካልመጣች አስፈለጓት። ኤክላምፕሲያ በሆስፒታሉ እየጠፋ እንደሄደ የጻፉት በዚያ የ1952 ጽሑፍ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ በሽታው ዛሬ የሚታወቀውን እንይ፤ አለበለዚያ የሰውዬው ሥራ ልክ የቱ ጋ እንደሆነ አይገባንም።

ፕላሴንታን በአማርኛችን እንግዴ ልጅ እንለዋለን። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር እንግዳ የሚለው ትዝ ይለኛል። ከልጁ ጋር ይፈጠራል፣ ከልጁ ጋር ይወጣል፣ እልልታው ግን ለልጁ ብቻ ነው። እናትየዋ ከበላችውና ከተነፈሰችው ለልጁ የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው። በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ወደ ማኅፀን ግድግዳ ዘልቀው ይገቡና የእናትየዋን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሰፏቸዋል። መንገድ ሥራ በሉት። ያ መስፋት በደንብ ካልተካሄደ ሥሮቹ እንደጠበቡ ይቀራሉ። ደም ያጠረው እንግዴ ልጅ ይጨነቅና የእናትየዋን የደም ሥሮች የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች ወደ ደሟ ይለቃል። ከዚያ ግፊቷ ይወጣል፣ ኩላሊቷ ፕሮቲን ያፈሳል፣ ፊቷና እጇ ያብጣል። ይህ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው። አንጎሏ ደርሶ ሲያንቀጠቅጣት ደግሞ ኤክላምፕሲያ ይሆናል። ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት መንቀጥቀጡን ይከላከላል፤ በሽታው የሚነቀለው ግን እንግዴ ልጁ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ አንዳንዴ ልጁ ሳይደርስ ለማዋለድ ይገደዳሉ።

ሬጅ ይሄን ሁሉ አያውቁም ነበር፤ በጊዜው የሚያውቅም አልነበረም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ ነፍሰ ጡር ክብደት እንዳትጨምር በምግብ መቆጣጠር የሚለው የእሳቸው መንገድ ዛሬ አይመከርም። ስኬቱ ከምግቡ ይልቅ የመጣው ከክትትሉ ነው ብዬ አምናለሁ። ሴቲቱ ገና ደኅና ሳለች በየጊዜው ታየች፣ ተለካች፣ ስትቀር ተፈለገች። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ካልሲየም በምግባቸው ለሚያንሳቸው ነፍሰ ጡሮች ካልሲየም፣ በሽታው ሊይዛቸው ይችላል ተብለው ለሚሠጉት ደግሞ በየቀኑ ትንሽ አስፕሪን እንዲሰጥ ይመክራል። ለሁለቱም ግን መጀመሪያ ሴቲቱ መታየት አለባት። የእህቴን ግፊት የሚለካ አንድ ደኅና መሣሪያ ቢኖር ኖሮ የሚለውን ሐሳብ ልተወው ስል ተመልሶ ይመጣብኛል።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ባልና ሚስቱ የኢትዮጵያን ጥሪ ያዩት በዚያው ላንሴት መጽሔት ላይ በወጣ ማስታወቂያ ነው። አዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈለጋል ይላል። ውሉ ለሦስት ዓመት ነበር። በ1959 ስድስት ዓመት ገደማ የሆነውን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሬጅ ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በኛ አገር አስተሳሰብ ሰው በዚህ ዕድሜ ቤቱን ያደላድላል እንጂ አገር አይቀይርም።

የሆስፒታሉ ስም ራሱ ታሪክ አለው። ልዕልት ፀሐይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናቸው፤ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር በነርስነት ሠልጥነዋል። በ1942 ነቀምቴ ላይ ሳሉ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነታቸው ሞቱ። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ነርስ! ገንዘብም እውቀትም እያለ፣ ያሉበት ቦታ ከሐኪም መራቁ ብቻ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ሆስፒታሉ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው።

ሬጅና ካትሪን ለማስተማር መጥተው ያላሰቡት ነገር ጠበቃቸው። ከሩቅ ገጠር በእግራቸው፣ በበቅሎ፣ ከአውቶቡስ እየተባረሩ የሚመጡ ሴቶች በሆስፒታሉ በር ላይ ነበሩ። ሽንታቸው ይፈስሳል። እንዲህ ያለ ነገር በአውስትራሊያ የሥራ ዘመናቸው አጋጥሟቸው አያውቅም። ኒውዮርክ ውስጥ በ1855 ለዚህ በሽታ የተከፈተ የሴቶች ሆስፒታል ነበረ፤ የሀብታሙ አገር እናቶች በጊዜ የሚያዋልዳቸው ሰው ሲያገኙ ግን በሽታው እየጠፋ ሄዶ ሆስፒታሉ በኖረበት መሬት ላይ ዛሬ ያለው ትልቅ ሆቴል ነው። እኛ ዘንድ ግን በሽታው ነበር። ሬጅና ካትሪን ሥራውን የተማሩት ካሉት ጽሑፎችና ሥዕሎች፣ በተለይም ናጂብ ማሕፉዝ ፓሻ ከተባሉት የግብፅ ሐኪም ሥራ ነው። (ልብ ወለድ ደራሲው ናጂብ ማሕፉዝ ሲወለድ ያዋለዱት እኚሁ ሐኪም ስለነበሩ በስማቸው ተጠራ ይባላል። ለሥነ ጽሑፍ ጓደኞቼ ጉርሻ ትሁናቸው።)

ፊስቱላ እንዲህ ነው የሚመጣው። ምጥ ይጠናል፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይቆያል። የልጁ ጭንቅላት በዳሌ አጥንቷ መካከል ተቀርቅሮ በፊኛዋና በማኅፀን በሯ መካከል ያለውን ሥጋ ይጫነዋል። የተጫነው ሥጋ ደም አያገኝም፤ ደም ያላገኘ ሥጋ ይሞታል፤ ቀዳዳም ይሆናል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እሷ ሽንቷን መያዝ ያቅታታል። ከዚያ ባል ይሄዳል፣ ጎረቤት ይሸሻል፣ እሷም ከጓሮ ባለች ጎጆ ብቻዋን ትቀመጣለች። ኦፕሬሽን የሚያደርጋት ሐኪም በጊዜ ቢያገኛት ምንም አትሆንም ነበር።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ኤክላምፕሲያና ፊስቱላ እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ይመስላሉ፤ አንዱ የእንግዴ ልጅ ነገር ነው፣ ሌላው የምጥ ነገር ነው። የሬጅን ሕይወት ሳይ ግን አንድ ጥያቄ ሲከታተሉ የኖሩ ይመስለኛል። ደም ወደሚፈለግበት ቦታ ለምን አልደረሰም? በሲድኒ መልሱን ምግብ ውስጥና ሚዛን ላይ ፈለጉት። እዚህ ሲመጡ መልሱ ከሴቲቱ ሰውነት ውጪ ሆኖ ጠበቃቸው። በቅሎ ውስጥ፣ ድልድይ በሌለው ወንዝ ውስጥ፣ ገና ሳይደርስባት በተዳረች ልጅ ዕድሜ ውስጥ፣ እህል ሲጠፋ መጨረሻ በምትበላ ሴት ሳህን ውስጥ።

ኮንትራቱ አለቀ፤ እነሱ ግን አልሄዱም። ለሴቶቹ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ግቢ ማረፊያ ቤት ተሠራላቸው። ሽታቸውን ሌላው ታማሚ ስለማይወድላቸው ነው። ቆይቶ ማረፊያው አልበቃ አለ። ሬጅ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበሩ፤ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ኒውዚላንድ፣ ወደ እንግሊዝ እየጻፉ ገንዘብ ለመኑ። ሆስፒታሉ የተቋቋመው በ1974 ነው። ዘመኑን አስቡት፤ አብዮት የፈነዳበት ዓመት! ያኔ ብዙ የውጭ ሰው ሻንጣውን ሲያስር እነሱ የራሳቸውን ሆስፒታል ከፈቱ። የደርግን ዘመን ከነሰዓት እላፊው አብረውን አሳለፉት። ከታካሚ ገንዘብ አይቀበሉም ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሬጅ ካደረጉት ሁሉ እኔን በጣም የነካኝ የማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። ማሚቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምጥ ተጎድታ የመጣች፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል የገጠር ልጅ ነበረች። ከታከመች በኋላ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ ከዚያ ኦፕሬሽን ክፍል ገብታ መሣሪያ አቀበለች፤ ሬጅም እጇን አይተው ቢላዋውን ሰጧት። ቀስ በቀስ ፊስቱላ የምትጠግን ሆነች፤ ከውጭ ለሚመጡ ሐኪሞችም አሳየች። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪሞች ሜዳልያ ሲሰጥ እሷም ከተሸላሚዎቹ አንዷ ነበረች። በዲግሪ በሚምል ሙያ ውስጥ የኖረ ሐኪም እንዲህ ለማድረግ ምን ያህል ልበ ሙሉ መሆን እንዳለበት እናንተው ፍረዱ።

ከዚህ በኋላ ትንሽ ወደኛ ቀዬ ልውሰዳችሁ። ምክንያት አለኝ፤ ሬጅ አዲስ አበባ ላይ ቀዳዳ ሲሰፉ የኛ ሰዎች ቀዳዳውን የሚያመጣውን ነገር በሌላ በኩል ይዘውት ነበር። በዚያው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚነግዱ ጉራጌዎች ገንዘብ እያዋጡ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ሶዶ ለሚወስደው መንገድም እንዲሁ ሕዝቡ ኪሱን ፈትሿል። አባቶቻችን ስለዚህ ሲያወሩ የሚያነሡት ንግድን ነው፤ ጫትና በርበሬ ለመጫን፣ ለመስቀል አገር ቤት ለመግባት ይላሉ። እኔ ግን ያ መንገድ የስንት ሴት ምጥ አሳጥሮ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ይሄንን የቆጠረ ሰው አላገኘሁም።

ስለ መስቀል ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ስሌት ላስላላችሁ። የጉራጌ ወንድ ብዙው ከተማ ሠርቶ ለመስቀል አገሩ ይገባል። በመስቀል ሰሞን የተፀነሰ ልጅ የሚወለደው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ውስጥ ነው። ሐምሌ! ጭቃው ጉልበት የሚውጥበት፣ ባጃጅ የማይወጣበት፣ ወንዙ የሚሞላበት ወር። ባልየው ከተማ ነው፤ ሴቲቱን በቃሬዛ የሚሸከም ጎልማሳም በሰፈሩ ጥቂት ነው። የእህቴም የወረደባት ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ ልጁ ሳይደርስ በግንቦት መሆኑ ነው።

ይሄንን ስሌት በትክክል የተረዱት የአጣጥ ሰዎች ይመስሉኛል። አጣጥ ሆስፒታል ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የካቶሊክ ሚሲዮን ሆስፒታል ሲሆን በ1969 ሥራ ጀመረ። በ1976 ደግሞ የነፍሰ ጡር እናቶች ማቆያ ከፈተ። ነገሩ ቀላል ነው። አስጊ ነገር ያለባት ወይም ቤቷ የራቀ ሴት ምጧ ሳይመጣ ቀድማ ትመጣለች፤ ከሌሎች ነፍሰ ጡሮች ጋር ጎጆ ውስጥ ትቀመጣለች፤ የምትበላውን ዘመድ ያመጣላታል፤ አዋላጆቹ እየመጡ ያይዋታል። ምጧ ሲመጣ ሐኪሙ ከግቢው ወዲያ ማዶ ነው። ከ1987 እስከ 2008 የነበረው የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ በ2010 ታትሟል። ከጻፉት መካከል ጆን ኬሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም አሉ፤ በሐምሊኖቹ ሆስፒታልም ለብዙ ዓመታት እየተመላለሱ ያገለገሉ ናቸው። ከ24,000 በላይ ወሊዶች ተቆጥረዋል። በማቆያው ካለፉት መካከል የሞቱት እናቶች ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ 90 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት ደግሞ 1,333 ናቸው። ሞተው የተወለዱት በማቆያው ካለፉት ከ1,000 ወደ 18፣ በቀጥታ ከመጡት ወደ 191 ናቸው።

እንግዲህ ጋዜጠኛ ልሆን ነውና ቁጥሩን እንዲሁ አልውጠውም። በቀጥታ ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ የሚመጡት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ቡድኖች እኩል ቆመው እንደተወዳደሩ ማየት አይገባም። ይሁን እንጂ ነገሩ ሳይበላሽ መምጣት ማለት ራሱ ማቆያው ነው። ሬጅ በሲድኒ ያደረጉት፣ ሴቲቱን ገና ደኅና ሳለች ማግኘት፣ እዚህ ቸሃ ውስጥ በጎጆ ቤት ተደረገ። ምክር ከእሳቸው ሰምተው ነው እያልኩ አይደለም፤ ሁለቱም ጋ ያለው ሐሳብ ግን አንድ ነው።

ቡታጅራም የራሷ ድርሻ አላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት ይመዘግብ ነበር። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ? በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ አንድ ጥናት 1,065 ነፍሰ ጡሮችን ስለ ጭንቀታቸውና ስለ ሐዘናቸው ጠይቆ እስኪወልዱ ተከታተላቸው። ውጤቱ በ2009 ሲታተም፣ በእርግዝናቸው ብዙ የጭንቀትና የድብርት ምልክት የነበራቸው ሴቶች ምጣቸው ከሃያ አራት ሰዓት በላይ የመቆየቱ ዕድል ከፍ ያለ፣ ጡት ማጥባትም የሚዘገይባቸው ሆኖ ተገኘ። የልጁን ክብደት ግን ጭንቀቱ ሲቀንሰው አልታየም። ይሄ ውጤት ሲገርመኝ ሰንብቷል። ምጥ የሚያራዝመው የዳሌ ጥበትና የመንገድ ርቀት ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። ባል ከተማ፣ አማት ቤት ውስጥ፣ እንሰቱ ጓሮ፣ ላሟ በር ላይ፤ ይሄን ሁሉ ብቻዋን ይዛ የምታድር ሴት ጭንቀቷ ምጥ ክፍል ድረስ ይከተላታል ማለት ነው።

ስለ ጎጆው ራሱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የጉራጌን ጎጆ ያየ ሰው ማማሩን ይመሰክራል፤ ጀፎረው ላይ ተደርድሮ ሲታይ በተለይ። ውስጡ ግን መሐል ላይ እሳት ይነድዳል፤ ጭሱ በሣር ክዳኑ እስኪወጣ ቤቱን ይሞላዋል። ቆጮ የሚጋገረውም፣ ጎመኑ የሚቀቀለውም እዚያው ነው፤ አጎንብሳ የምትውለው ሴቲቱ ናት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደሟ ላይ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ለእንግዴ ልጁ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። በ2019 የቤልጅየም ተመራማሪዎች ከመኪና ጭስ የመጣ ጥቁር ብናኝ በእንግዴ ልጅ ውስጥ፣ ያውም በልጁ በኩል ባለው ገጽ ላይ ማግኘታቸውን አሳትመዋል። የነሱ እናቶች የከተማ አየር የተነፈሱ ናቸው፤ የኛዎቹ ምን ያህል እንደሚሆን ገምቱ። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ቆላ ወረድ ስትሉ ደግሞ ወባው አለ፤ የወባ ተሕዋስ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተሸሽጎ መቀመጥ ይወዳል። ቆጮ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ አይቡና ወተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገበያ ይሄዳል። ሬጅ በሲድኒ ለነፍሰ ጡሮቹ የጻፉትን የምግብ ዝርዝር ለእናቴ ባነብላት የምትለው ይታወቀኛል፤ የመስቀል ለት ይበላል ትለኛለች።

ሬጂናልድ ሐምሊን በነሐሴ 1993፣ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ፤ የተቀበሩትም እዚሁ ነው። ሥራውን ካትሪን ሃያ ስድስት ዓመት ከግማሽ ያህል ብቻቸውን ይዘው ቀጠሉ። ሬጅ የመጡበት ዋና ጉዳይ፣ ያ የአዋላጆች ትምህርት ቤት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት አዋላጆች አስመርቆ ቆሞ ነበር። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው በ2007 ነው፤ እሳቸው ከሞቱ አሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በላንሴት ላይ ማስታወቂያውን ካዩ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ኮሌጁ ከገጠር ሴቶች ልጆችን ተቀብሎ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልካል።

እህቴ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። አንዴ ይህ በሽታ የያዛት ሴት በሚቀጥለውም የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ከፍ ያለ ነው፤ ይሄን አንብቤ ለሦስት ቀን ለማን እንደምናገር ግራ ገብቶኝ ነበር። ለባሏ ደወልኩለት። አሁን ክትትሏን ሌላ ቦታ ቀይራለች፤ ገና በሦስተኛው ወር አስፕሪን አዘዙላት፣ ግፊቷን በሄደች ቁጥር ይለኳታል፣ ቁጥሩን በስልክ ትነግረኛለች፣ እኔም ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ። የተፀነሰው ለመስቀል ነው፤ ስለዚህ ቀኗ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይውላል። በሰኔ አጋማሽ ማቆያ እንድትገባ ተነግሯታል። እናቴ ደግሞ ያ ሁሉ ቀን እንሰቱን ማን ይፍቃል፣ ላሟንስ ማን ያልባል እያለች አስቸግራለች። ፈተናችን በሰኔ መጀመሪያ ያልቃል። እኔ እሄዳለሁ ብያታለሁ። ላም ማለብ አልችልም፤ ከጎረቤት እማራለሁ።